ስምንተኛው ጨርቅ

«ዱላዬ የለም» አሉ ጋሼ ገረመው።

አይናዲስ የጫማዋን ማሰሪያ ሳታስር ከድንኳኑ ወጥታ ወደ ወንዙ ሮጠች። ትናንት አመሻሹ ላይ ጋሼ ገረመው አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ልጠው፣ በየአምስት ሣንቲ ሜትሩ በቢላ ምልክት አድርገውበት፣ ውሃው ዳር ተክለውት ነበር። አዋሽ ዳር ለአሥራ አራት ዓመት የወንዝ ከፍታ እያነበቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሃ ባለበት ሁሉ ዱላ ሳይተክሉ አይተኙም። አሁን ዱላው በነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ እየተሽከረከረ ያልፋል።

«ነቅሎት ነው ወይስ ውጦት?»

«ምን ለየው? ከግማሽ ሜትር በላይ ጨምሯል። ሌሊቱን ላይኛው ተራራ ላይ ሲዘንብ አድሯል።» ወደ ማዶ በአገጫቸው አመለከቱ። «አይናዬ፣ አሁኑኑ እንሻገር። መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ ቁርሴን መኪናው ውስጥ እበላለሁ።»

ከማዶ፣ ከከብት አርቢዎች ጥርጊያ መንገድ ጫፍ ላይ፣ የጋሼ ገረመው ነጭ ካምሪ ቆማ ትታያለች። ዓርብ ዕለት ፓርክ አድርገዋት ሲሻገሩ ውሃው ከጉልበታቸው በታች ነበር።

የፈረንጆቹ 1998 መጋቢት ነው፤ ኤል ኒኞ የሚሉት ዝናብ ካሊፎርኒያን ሲደበድብ የከረመበት ዓመት። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ያሉት ተራሮች ጠግበዋል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ የሚጨምሩበት ቦታ የላቸውም። የሚወርድባቸውን ሁሉ ወዲያው ለወንዙ ይሰጡታል።

አይናዲስ ወንዙን አየች፤ ከዚያ ሰማዩን አየች፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ጥቁር የጎማ ከረጢት አሰበች።

ከረጢቱ ለጀልባ ተጓዦች የተሠራ ነው። አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ሲቆለፍ ውሃም ብርሃንም አያስገባም። ውስጡ ሰባት ትልልቅ ወረቀቶች አሉ። አይናዲስ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ ብሉፕሪንት ቤት የሕንፃ ፕላን ታባዛለች፤ የድሮውን አሠራር ያሳያት ከዚያ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ወረቀት በጨለማ የብረት ጨው ይቀባል። ፀሐይ የነካው ቦታ ሰማያዊ ይሆናል፤ የተጋረደው ነጭ ይቀራል፤ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ይጸናል። ካሜራ የለም፣ ፊልም የለም። እሷ በሕንፃው ፕላን ፈንታ ወንዝ አስገባችበት። ወረቀቱን ውሃው ዳር ታነጥፋለች፤ ሞገዱ ቅቡን ይገፋዋል፣ አሸዋው ይጭረዋል፣ ቅጠል መጥቶ ይተኛበታል፣ ፀሐይ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ታትማለች። ወንዙ በገዛ እጁ ይጽፋል። ከምንጩ ጀምራ እየወረደች በሁለት ቀን ሰባት አድርጋለች። እስኪታጠቡ ድረስ ግን ብርሃን አይወዱም፤ ከረጢቱን የምትከፍተው በወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ተሸፍና ብቻ ነው፤ በቀን ብርሃን ከተከፈተ ሁሉም ድፍን ሰማያዊ ሆነው ይጠፋሉ።

የቀረው ስምንተኛው ነው። ስምንተኛው ወረቀት አይደለም፤ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ቁመቱ ከእሷ ይበልጣል፤ ለብቻው በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከከረጢቱ ውጪ ታስሯል። ከድንኳኑ ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ጅረት ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሁለቱ ውሃዎች ሲጋጩ ሊዘረጋ ነው የመጣው። ከአሥር ቀን በኋላ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስምንት ሥራ ይሰቀላል። የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗ ነው። ለአዘጋጆቹ «ስምንት» ብላ ጽፋ ሰጥታለች፤ አይናዲስ ደግሞ የጻፈችውን ቁጥር የምታጎድል ሰው አይደለችም።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ» አለች።

«ልጄ፣ ወንዝ ሃያ ደቂቃ አይሰጥም።»

«ጋሼ፣ ፕሊስ።»

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ውስጡ ሌላ ነገር አለ። ጋሼ ገረመው ሰሙት፤ አንገታቸውን ደፉ። ባለፈው ጥቅምት የሆነው ነገር በሁለቱ መካከል አንድም ቀን በቃል ተነሥቶ አያውቅም።

አይናዲስ ኦክላንድ ውስጥ እሳቸው ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በጥቅምት፣ የዓመት ሥራዋን ስድስት ወረቀት በመታጠቢያ ገንዳ ዘፍዝፋ ለአፍታ ስልክ ልታነሣ ወጣች። ጋሼ ገረመው ከአውሮፕላን ማረፊያ ፈረቃቸው ሲመለሱ ገንዳው ውስጥ ቢጫ ውሃና የቆሸሸ የመሰላቸውን ወረቀት አዩ። «ልጅቱ ደክሟታል፣ ልርዳት» ብለው ሁለት እፍኝ ኦሞ ጨመሩበት። በእጃቸውም አሹት። ስትመለስ ሰማያዊው ሁሉ ታጥቦ ሄዷል፤ ገንዳው ውስጥ የቀረው የዝገት መልክ ያለው እርጥብ ወረቀት ነበር። «ችግር የለም፣ ጋሼ» አለች፤ በሯን ዘጋች። አምስት ወር ያህል ከ«ደህና አደሩ» እና ከ«ደህና ያምሹ» ያለፈ ብዙ ቃል አልተነጋገሩም። የተራራውን ጉዞ ስታቅድ ግን ጋሼ ገረመው አንድ ቀን በሯን አንኳኩተው «ወንዝ እኔ ነኝ የማውቀው። ልከተልሽ» አሉ። እምቢ ማለት አፈረች።

ስለዚህ አሁን «እሺ፣ ሃያ ደቂቃ» አሉ። ኮታቸውን ደረቡ። «የእሑዱን ፕሮግራም ለወንዝ ሰጥቼዋለሁ። ፓስተሩ የት ነበርክ ካሉኝ ጥምቀት ነበረብኝ እላቸዋለሁ።»

ቁርሱም ምሳውም በምግብ ቦርሳው ውስጥ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቀረ። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

መገናኛው ላይ ሲደርሱ ደመናው ወፍሯል። አይናዲስ ከረጢቱን ከፍ ባለ ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ፀሐይ ሳትወጣ ጨርቁን ማውጣት ማበላሸት ነው፤ ግራጫ ብርሃን ያለ ቅርጽ ያጠቁረዋል። ሃያው ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ ሆነ። በደመናው ውስጥ አንድ ብሩህ ቦታ ይታያል፣ ይቀርባል፣ ይጠፋል። ጋሼ ገረመው ውሃው ዳር አንድ ድንጋይ መርጠው ትኩር ብለው ያዩታል።

«አይናዬ፣ ያ ድንጋይ ስንመጣ ወገቡ ድረስ ይታይ ነበር።»

«አንድ አምስት ደቂቃ።»

«አሁን አናቱ ብቻ ነው ያለው።»

ዓይኗን ከደመናው አላነሣችም። ብሩሁ ቦታ እንደገና ቀረበ፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ጠፋ። ወደ ድንጋዩ ስትዞር ድንጋዩ የለም።

ያኔ ነው የፈራችው። ከረጢቱን ተሸክማ ሮጠች፤ ጋሼ ገረመው ከኋላዋ ይከተላሉ። መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ትናንት ጠጠሩ ከሥር የሚቆጠርበት ቦታ ላይ አንድ ሙሉ የዛፍ ግንድ ከነሥሩ እየተገላበጠ ሲያልፍ አዩ። ካምሪዋ ከማዶ ቆማለች። ሠላሳ ሜትር ብትርቅ ነው። ከሠላሳ ሜትሩ አንዱንም መርገጥ አይቻልም።

ድንኳኑ በኩል ደግሞ አንድ ነገር አንኮራፋ።

የዱር አሳማዎቹ አምስት ነበሩ፤ አንዷ እናት የበርሜል ያህል ናት። የምግብ ቦርሳው ተዘርግፎ ዳቦው ጭቃ ውስጥ ይረገጣል፣ የብርቱካኑ ልጣጭ እንኳ አልቀረም። ጋሼ ገረመው ድስቱን አነሡና በማንኪያ እየደበደቡ ወደ ፊት ሄዱ።

«ሂዱ! ውጡ! አይናዬ፣ እነዚህ በወንጌሉ ወደ ባሕር ከገቡት እሪያዎች የቀሩት ናቸው!»

«ጋሼ፣ ይመለሱ! ግልገል አላት!»

እናቲቱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መጣች። ጋሼ ገረመው ድስቱን ወረወሩና ወደ ጎን ዘለሉ፤ ግራ እግራቸው በሁለት ድንጋይ መካከል ገባ። አይናዲስ የጮኸችውን አታውቀውም። ድንኳኑን ከነካስማው ነቅላ፣ ቢጫውን ሸራ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እያራገበች ቀጥ ብላ ሮጠችባት። አሳማዋ ቆመች፤ ያን የሚንቦቀቦቅ ቢጫ ነገር አየች፤ ዞረች። ቁጥቋጦው ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ጋሼ ገረመው ተቀምጠዋል። ቁርጭምጭሚታቸው እያየችው ያብጣል።

«ተሰበረ?»

«አይመስለኝም። ግን ሌላ ነገር አለ።» ቀና ብለው አዩዋት። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «መርፌውን ተወግቻለሁ አላልኩሽም? አልበላሁም።»

አይናዲስ ገባት። የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ኢንሱሊኑ ሥራውን ጀምሯል፤ የሚሠራበት ምግብ ግን አሳማዎቹ ሆድ ውስጥ ነው። ማድረግ ያለባቸውን ነገር ሁሉ ያዘገየችው እሷ ናት።

«ካራሜላ?»

ኪሳቸውን ፈተሹ። ሁለት ተገኘ። «ትንሽ ያቆዩኛል» አሉና ሁለቱንም አንድ ላይ ጎረሱ። «ማንጎ ጁሱ መኪናው ውስጥ ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ።»

ሁለቱም ወደ ነጯ ካምሪ ተመለከቱ።

«ወደ ላይ እንሂድ» አሉ። «ውሃው የሚሰፋበትን ፈልጊ። ሲጠብ ይጠልቃል፣ ይሮጣል። ሲሰፋ ደከም ይላል።»

ክንዳቸውን በትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ከረጢቱን በጀርባዋ አሠረች። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ የሚጨብጡት ቁጥቋጦ እሾህ ነው። ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ገረመው «እኔን ከመሸከም ያንን ጎማሽን ብትጥይው ምን አለ?» አሉ። እየሣቁ ነበር፤ ሣቃቸው ግን ቶሎ ደከመ። እሷ አልሣቀችም። የከረጢቱ ማሰሪያ አንገቷን ይበላታል፤ እሷ ደግሞ በአንድ እጇ ማሰሪያውን በአንድ እጇ የእሳቸውን ወገብ ይዛለች፤ የቱን አጥብቃ እንደያዘች ማሰብ አልፈለገችም።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደው ወንዙ ሲዘረጋ አገኙት። እዚህ ስፋቱ ሃምሳ ሜትር ይሆናል፤ መሐሉ ላይ የጠጠር ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ወዲያ ያለው ውሃ ነጭ አይደለም።

«ልለካው» አሉ ጋሼ ገረመው። ለሥራ እንደሚቀመጥ ሰው ተስተካክለው ተቀመጡ። «እንጨት ወርውሪ። ከዚህች ድንጋይ እስከዚያች ዐሥር ሜትር ነው። እኔ እቆጥራለሁ።»

ወረወረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ደህና ነው። በሴኮንድ ከአንድ ሜትር ትንሽ በላይ። አዋሽ ላይ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።»

«ገብተው ያውቃሉ?»

«ለካሁት እንጂ መቼ ገባሁበት። ዋና አልችልም።»

«አይችሉም?»

«መንግሥት የቀጠረኝ እንዳነብ ነው እንጂ እንድዋኝ አይደለም። ድገሚ፣ ሁለት ጊዜ ካልተለካ አይታመንም።»

ሁለተኛውን እንጨት ወረወረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» ላብ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል፤ ነፋሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። «...አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት። ስድስት። ስምንት።» እንጨቱ ካለፈ ቆይቷል። እሳቸው ባዶውን ውሃ እያዩ ይቆጥራሉ።

«ጋሼ። ከስድስት በኋላ ስንት ነው?»

በትሕትና አዩዋት፤ እንደማያውቋት። «ይቅርታ፣ እመቤት፣ ዛሬ ቢሮው ዝግ ነው።»

ትታቸው ብትሻገርና ጁሱን ይዛ ብትመለስስ? ሩቅ ነው፤ ውሃው ይጨምራል፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ አያያዛቸው ተነሥተው ወደ ወንዙ ሊሄዱ ይችላሉ። አብረዋት መሻገር አለባቸው፤ የማይሰምጥ ነገር ያስፈልጋቸዋል።

ከረጢቱን ከጀርባዋ አወረደች። ቁልፉን ያዘች። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በዝናብ፣ በእሾህ፣ ስትተኛም ከራስጌዋ ሳታርቀው የጠበቀችው ቁልፍ ነው። ከፈተችው።

የዚያኔ ፀሐይ ወጣች። ጠዋቱን በሙሉ ስትለምናት የቀረችው ፀሐይ ደመናውን ሰንጥቃ መጥታ፣ ክፍቱ ከረጢት ላይ አረፈች።

ሰባቱን ወረቀቶች ባንድ ላይ አወጣቻቸው፤ አላየቻቸውም። ድንጋይ ጭናባቸው ተወቻቸው። ከረጢቱን አፉን ወደ ነፋሱ ከፍታ አየር አስያዘችው፣ ጠቀለለችው፣ ቆለፈችው። እንደ ትራስ ጠነከረ። ማሰሪያው ግን አጭር ነው፤ የድንኳኑ ገመድ ደግሞ ከድንኳኑ ጋር ታች ቀርቷል። የቀራት ስምንተኛው ነው፤ ፕላስቲኩን ገፈፈችው፤ ቢጫ አረንጓዴ፣ ገና ምንም ያልተጻፈበት ጠንካራ ጥጥ።

በጋሼ ገረመው ደረት ላይ አዞረችው። ከረጢቱን ከደረታቸው ጋር አስጠግታ በጀርባቸው አጠላለፈችው፣ ቋጠረችው፣ ጎተተችው፣ እንደገና ቋጠረችው። ቋጠሮው ሁለቴ ላላ፤ እንደ ብሉፕሪንት ቤቱ ጥቅል ቀስ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እጅዎን እዚህ ያድርጉ፤ አይልቀቁ።»

እሳቸው እንደ ታዛዥ ሕፃን ሁለት መዳፋቸውን በጨርቁ ላይ ዘረጉ። እሷ ደግሞ ረጅም እንጨት ፈለገች፣ ሰበረች፣ ጫማዋን አጠበቀች፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ብቻዋን ገብታ ሞከረች፣ ተመለሰች። ዐሥር ደቂቃ ይሁን ከዚያ በላይ አላወቀችም። ፀሐይዋ አልሄደችም።

ገቡ።

ብርዱ ትንፋሽ ቆረጠ። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። እንጨቱን ከላይ በኩል ትተክላለች፣ ትደገፋለች፣ አንድ እርምጃ፤ በሌላው እጇ የቋጠሮውን ጫፍ ይዛ ትስባቸዋለች። ከሥር ድንጋዮች ሲንከባለሉ በእግሯ ይሰማታል። ጉብታው ላይ ወጡ፤ ሳያርፉ ወረዱ። ሁለተኛው ግማሽ ጠለቀ። እግሯ መሬት አጣ።

ወንዙ ሁለቱንም አንሥቶ ወሰዳቸው።

ውሃ ዋጠች። ዓይኗ ቡናማ አየ፣ ሰማይ አየ፣ ቡናማ አየ። እንጨቱ ሄደ። ቋጠሮው ግን በእጇ ነው፤ ከረጢቱ እንደ ቡሽ ወደ ላይ እየገፋ የጋሼ ገረመውን አገጭ ከውሃ በላይ ይዟል። ተንጠለጠለችበት። በእግሯ ገፋች፣ ገፋች፤ ጉልበቷ ጠጠር መታ። ደግማ ገፋች። ቅርንጫፍ ፊቷን ገረፈው፤ በጥርሷ እንኳ ብትይዘው ደስ ባላት ነበር። በክርኗ ያዘችው።

ዳር ላይ ጎትታ አወጣቻቸው። ይተነፍሳሉ፤ አይመልሱም። በጎናቸው አስተኛቻቸው። ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ አላጠፋችም፤ ሮጠች። ጥርጊያ መንገዱ ላይ አንድ ጫማዋን ጭቃው ወሰደባት፤ በአንድ ጫማ ሮጠች። ቁልፉ ከመኪናዋ ጎማ ሥር ነበር። በተሽከርካሪ የተቆራረጠውን መንገድ ካምሪዋ እየዘለለች መለሰቻት።

ማንጎውን በመጀመሪያ በጣቷ ድዳቸው ላይ ቀባችው። ቀባችው፣ ጠበቀች፣ ቀባችው። የተማረችውን ጸሎት ሁሉ ረስታ «ጋሼ፣ ጋሼ» ብቻ ትላለች። ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በክዳኑ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ወንዙን ፈለጉት።

«ሰባት» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ከስድስት በኋላ። ሰባት ነው። ዘልዬው ነበር፣ አይደል?»

ያኔ አለቀሰች። እሳቸው እርጥብ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው «በቃ፣ በቃ። ለፓስተሩ ሳልዋሽ ቀረሁ» አሉ።

*

ሳን ሆዜ ሆስፒታል አድረው ኦክላንድ ሲገቡ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ጋሼ ገረመው እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በምርኩዝ ይሄዳሉ። አይናዲስ እርጥቡን ጨርቅ ከመኪናው ኋላ አወጣችው። ጭቃ ውስጥ የተጨማደደ አሮጌ አንሶላ ይመስላል። ልትጥለው ነበር፤ ግን እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ገንዳውን ሞላች።

ጭቃው ሲለቅ ሰማያዊው መጣ። መጀመሪያ በጫፎቹ፣ ከዚያ በመሐል፣ ወንዙ ጎትቶ ያወረደው ረጅም ሰማያዊ ጅማት። ቋጠሮዎቹ የነበሩበት ቦታ እንደ ኮከብ ፈንድቶ ነጭ ነው። በመካከሉ ደግሞ፣ ከረጢቱ ደረታቸው ላይ በነበረበት፣ ሁለት ነጭ መዳፎች። ዐሥሩም ጣቶች ይቆጠራሉ። የግራው ትንሽ ጣት ትንሽ ተንቀሳቅሶ ጥላው ደብዝዟል።

ቀና ስትል ጋሼ ገረመው በሩ ላይ ቆመዋል። ምርኩዙን በብብታቸው ይዘው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ ከጥቅምት ወዲህ እሷ ባለችበት ወደዚህ ክፍል ሲመጡ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።

«ሰባቱስ?» አሉ።

«እዚያው ቀሩ። አሁን ድፍን ሰማያዊ ናቸው።»

«ስምንት ብለሽ ጽፈሽ ሰጥተሽ...»

«አንድ እላቸዋለሁ።»

ጎንበስ ብለው ገንዳውን አዩ፤ የገዛ እጃቸውን ሲያውቁት ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሊያፈገፍጉ አሉ።

«ጋሼ፣ በጥቅምት በጣም ተናድጄብዎት ነበር።»

«ዐውቃለሁ፣ ልጄ።»

«እሑድ ደግሞ ልገድልዎት ነበር።»

«እሱንም ዐውቃለሁ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ኦሞው ይበልጣል ወይስ ወንዙ?»

ሳታስበው ሣቀች። መደርደሪያው ላይ ያለውን ጆግ አንሥታ ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ከኋላቸው ፈትተው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀበሉ።

«ቢጫው ገና አልወጣም። ከላይ ቀስ ብለው ያፍስሱልኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ውሃው እስኪጠራ።»

ጋሼ ገረመው የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ጆጉን ሞሉ፤ ከነጩ መዳፎች በላይ ዘንበል አደረጉት።

«አንድ» አሉ።